የቁልቁለት ማራቶን በስንት ፍጥነት ይጀመራል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። "ዕድሜዬ 36 ነው፤ ለገሃር አካባቢ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ፤ ልምምዴን ከሥራ በፊት መስቀል አደባባይ ነው የምሠራው። እስካሁን አንድ ማራቶን ሮጫለሁ፤ ዱባይ ላይ በ3:52 ገባሁ። እህቴ ላስ ቬጋስ ስለምትኖር አሁን ደግሞ አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ለሚካሄደው የሴንት ጆርጅ ማራቶን ተመዝግቤያለሁ። መንገዱ ቁልቁል ነው አሉኝ። ገና ከመነሻው በኪሎ ሜትር 4:55 እየሄድኩ ለመጨረሻው የሚሆን ደቂቃ ባጠራቅም፣ በ3:30 ገብቼ ለቦስተን ማለፍ እችላለሁ ወይ?"

እህቴ፣ በ4:55 እንዳትጀምሪ። ይህን የምልሽ አቅምሽን ንቄ አይደለም፤ በመጀመሪያ ማራቶኗ በኪሎ ሜትር 5:30 እየሄደች የጨረሰች ሰው ጥሩ መሠረት አላት። ነገር ግን ቁልቁለት የሚሰጠውን ሁሉም ሰው አብዝቶ ይገምታል፤ የሚወስደውን ደግሞ ያሳንሰዋል። እንዲህ ባሉ ውድድሮች ላይ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ መሮጥ አቅቷቸው በእርምጃ ሲሄዱ ያየኋቸው ሯጮች አብዛኞቹ ትንፋሻቸው ደህና ነበር። ያለቀባቸው ጭናቸው ነው። ስለዚህ ምላሼ በሙሉ ጭንሽን እስከ መጨረሻው ስለማቆየት ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። የሴንት ጆርጅ ማራቶን ከ1977 ጀምሮ የሚካሄድ ውድድር ነው፤ ከከተማው በስተሰሜን ካለው ተራራማ ቦታ ተነስቶ ከተማው ውስጥ ያልቃል። መነሻው ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ፣ መድረሻው 820 ሜትር ገደማ ነው። የ780 ሜትር ያህል ልዩነት ለ42 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በአማካይ 2 በመቶ የማይሞላ ቁልቁለት ይሆናል። እኔ ዕቅድ ሳወጣ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ ቁልቁለት በኪሎ ሜትር 5 ሰከንድ ገደማ ትርፍ እይዛለሁ። ዳገት ላይ ለዚያው 1 በመቶ የምትከፍይው ከዚህ ይበልጣል፤ ወጥተሽ መልሰሽ የወረድሽው መንገድ ሁልጊዜ ኪሳራ ነው። በዚህ ሂሳብ አንቺ በኪሎ ሜትር 9 ሰከንድ፣ በጠቅላላው ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ታተርፊያለሽ። ከ3:52 ሲቀነስ 3:45 ወይም 3:46 ነው። እሱም እግርሽ አስቀድሞ ለቁልቁለት ከተዘጋጀ።

እዚህ ላይ ብዙ የአዲስ አበባ ሯጮች "እኔ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምኖረው፤ ዝቅ ወዳለ ቦታ ስወርድ ተጨማሪ ደቂቃ አገኛለሁ" ብለው ሌላ 5 ደቂቃ ይቀንሳሉ። አንቺ ያን ጥቅም ዱባይ ላይ ተጠቅመሽበታል፤ 3:52ሽ ውስጥ አለ። እንዲያውም ሴንት ጆርጅ ከዱባይ ከፍ ስለሚል አየሩ በመጠኑ ይሳሳል። ሁለት ጊዜ አትቁጠሪው።

ወደ ቦስተን ማራቶን ልምጣ፤ በሰዓት ለማለፍ አስቀድሞ በሌላ ማራቶን የተወሰነ ሰዓት ማምጣት ይጠይቃል፤ ደንቡም ተቀይሯልና እወቂው። ከ35 እስከ 39 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚጠየቀው ሰዓት 3:30 ነው። የቦስተን አዘጋጆች ግን ከ2027ቱ ውድድር ጀምሮ ከ1,500 ጫማ፣ ማለትም ከ457 ሜትር በላይ በሚወርድ መንገድ የተመዘገበ ሰዓት ላይ 5 ደቂቃ ይጨምራሉ። 3,000 ጫማ ሲደርስ ጭማሪው 10 ደቂቃ ይሆናል፤ 6,000 ጫማ የደረሰን ከነጭራሹ አይቀበሉም። ሴንት ጆርጅ 5 ደቂቃ ከሚጨመርባቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ 3:30 ብትገቢ የሚያዝልሽ 3:35 ነው። እሱ ደግሞ ለማመልከት እንኳ አያበቃሽም። መስፈርቱን ማሟላት ብቻውንም ቦታ አያስይዝም፤ ለ2026ቱ ውድድር የተቀበሏቸው ከመስፈርቱ ቢያንስ በ4 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ የፈጠኑትን ነው። ይህን ሁሉ ስትደምሪው ከሴንት ጆርጅ 3:20 ገደማ ያስፈልግሻል ማለት ነው። ከ3:52 ተነስቶ በአንድ ክረምት ልምምድ እዚያ ለመድረስ መሞከር ውድድሩን ማበላሸት ነው ብዬ አምናለሁ። ለቦስተን የሚሆነውን ሰዓት በሌላ ጊዜ ሜዳ መንገድ ላይ ፈልጊው። ሴንት ጆርጅን ግን ለራሱ ብለሽ ሩጪው፤ 3:46 ትልቅ እርምጃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኛ አዲስ አበባ ላይ ያደግን ሯጮች ፍጥነታችንን የምንለካው በትንፋሽ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ እግር ከመድከሙ በፊት ትንፋሽ ያጥራል፤ ያኔ ሳናስበው እንቀንሳለን። ትንፋሽ ፍሬናችን ነው። ዝቅ ባለ ቦታ፣ በዚያ ላይ ቁልቁል ስትሮጪ ግን ፍሬኑ አይይዝም። በ4:50 እየሄድሽ ከጓደኛሽ ጋር ማውራት ትችያለሽ፤ የልብ ምትሽም ሰዓትሽ ላይ ዝቅ ብሎ ይታያል። "ዛሬማ ቀኔ ነው" የሚያሰኘው ያ ነው። ከዳገት ሀገር የመጣ ሯጭ በቁልቁለት ማራቶን የሚጎዳው አቅም አጥቶ ሳይሆን ያንን ምቾት አምኖ ነው።

ጭንሽ ውስጥ የሚሆነውን ልንገርሽ። ቁልቁል ስትወርጂ እግርሽ መሬት በነካ ቁጥር የፊተኛው የጭን ጡንቻ ጉልበትሽ እንዳይታጠፍና ሰውነትሽ እንዳይወድቅ ይይዛል። ሥራው ከባድ የሚሆነው ጡንቻው እየተለጠጠ መያዝ ስላለበት ነው። ሜዳ ላይም ይህ አለ፤ ቁልቁለት ላይ ግን ጫናው በጣም ይጨምራል፤ በሺዎች የሚቆጠር እርምጃ ሲደጋገምበት ክሮቹ ላይ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል። ሕመሙ የሚብሰው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ ብዙ ሰው ጉዳቱ ነገ የሚመጣ ይመስለዋል። የጡንቻው ኃይል ግን የሚቀንሰው እዚያው ሩጫው ላይ ነው። ልብና ሳንባ ስለዚህ ምንም አይነግሩሽም፤ ጄል (ሯጮች ለጉልበት የሚውጡት ወፍራም ጣፋጭ) ብትወስጂ፣ ውኃ ብትጠጪም ያን ቀን አይጠገንም። በመጀመሪያዎቹ 10 ኪሎ ሜትሮች "የተጠራቀመ" አንድ ደቂቃ መጨረሻ ላይ ሦስትና አራት ደቂቃ ሆኖ የሚከፈለው ለዚህ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ጡንቻ ቶሎ ይማራል። ልከኛ የሆነ የቁልቁለት ልምምድ አንድ ሁለት ጊዜ ከሠራሽ በኋላ ያው ሥራ የሚያደርስብሽ ጉዳት በግልጽ ይቀንሳል፤ ይህ መከላከያ ለሳምንታት ይቆያል። ለዚህ ደግሞ ከመሥሪያ ቤትሽ ደጃፍ የተሻለ ቦታ የለም።

ቸርችል ጎዳናን ታውቂዋለሽ፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀምሮ ለገሃር የአንበሳው ሐውልት ጋ እስኪደርስ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እሑድ ጠዋት መኪና ሳይበዛ ያንን ውረጂ። ውድድሩ ሊደርስ 10 ሳምንት ሲቀረው ጀምሪ፤ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ብቻ፣ ዘና ባለ ፍጥነት። ወደ ላይ በሩጫ አትመለሺ፤ ከለገሃር ፒያሳ የሚለውን ታክሲ ይዘሽ ውጪ። በሩጫ ከወጣሽ ልምምዱ የዳገት ይሆንና ስትወርጂ ስለደከመሽ አወራረድሽ ይበላሻል። በሚቀጥሉት ሳምንታት አራት፣ አምስት፣ ስድስት እያልሽ ጨምሪ፤ ፍጥነቱንም ቀስ በቀስ ወደ 5:05 አምጪው። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። በማግስቱ መስቀል አደባባይ ሄደሽ ደረጃዎቹን ወደ ታች ውረጂ፤ ጭንሽ ከተንቀጠቀጠ ወይም የሆነ ነገር መያዝ ካማረሽ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት አትጨምሪ።

ሦስትና አራት ሳምንት እንዲህ ከሠራሽ በኋላ ረዘም ወዳለው እንሂድ። ከስድስት ኪሎ ተነስተሽ በአራት ኪሎ፣ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ፣ በሒልተን አድርገሽ መስቀል አደባባይ ስትደርሺ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደሻል፤ አወራረዱም ከሞላ ጎደል ሴንት ጆርጅን ይመስላል። ይህን ክፍል የረጅም ሩጫሽ መጨረሻ አድርጊው። ለምሳሌ ወደ ቦሌ ወርደሽ፣ ሜዳ ሜዳውን ይዘሽ 20 ኪሎ ሜትር ከሮጥሽ በኋላ በታክሲ ስድስት ኪሎ ውጪና ከዚያ ውረጂ። ታክሲ ውስጥ ስትቀመጪ እግርሽ ይጠጥራል፤ ይሁን። ደክሞሽ መውረድን መልመድ አለብሽ፤ ሴንት ጆርጅ ላይ ትልቁ ቁልቁለት የሚመጣው ከግማሽ በኋላ ነውና።

እንጦጦን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከማርያም እስከ ሽሮ ሜዳ ያለው መንገድ ለዚህ ውድድር ከሚያስፈልግሽ በጣም የሾለ ነው፤ ከ3,000 ሜትር አካባቢ ተነስተሽ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ብዙ መቶ ሜትር ትወርጃለሽ። ዳገቱን ለመውጣት ሂጂበት፤ ለመውረድ ግን በታክሲ ተመለሺ። ጉልበት የሚጎዳው እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ በስሜት ሲሮጥ ነው። ይህን ምክር የማይሰማ ሯጭ ብዙ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ፊዚዮቴራፒ ይመላለሳል።

ጂም መሄድ አያስፈልግሽም። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ በአንድ እግርሽ ቁመሽ ሌላውን ወደ ታችኛው ደረጃ ሦስት እስክትቆጥሪ ድረስ ቀስ ብለሽ አውርጂ፤ ተረከዝሽ ሲነካ ተመለሺ። በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እንዳይጣመም ተመልከቺ፤ ከሁለተኛው የእግር ጣትሽ ጋር ይስተካከል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ለቁልቁለት ግን ከየትኛውም የጂም ዕቃ እመርጣታለሁ።

አወራረድሽ ላይ አንድ ዋና ነገር ያዢ፦ እርምጃሽ ይጠር፣ ይፍጠን። ሰው ቁልቁለት ሲያይ በፍርሃት ወደ ኋላ ይለጠጥና እግሩን ወደ ፊት ወርውሮ በተረከዙ ያርፋል፤ በየእርምጃው ራሱን ያቆማል ማለት ነው። ያ ነው ጭንን የሚጨርሰው። ከወገብሽ ሳትጎብጪ፣ ከቁርጭምጭሚትሽ በትንሹ ወደ ፊት ዘንበል በይ፤ እግርሽ ከሰውነትሽ ሥር ይረፍ፤ ክንድሽ ይፈታ፤ ዓይንሽ አሥር አሥራ አምስት ሜትር ወደ ፊት ይይ። ትክክል መሆንሽን የምታውቂው በጆሮሽ ነው። ለዚህም ነው ቸርችልን ሙዚቃ ሳትሰሚ ውረጂ የምልሽ፤ ጫማሽ "ጧ ጧ" እያለ አስፋልቱን ከመታ እርምጃሽ ረዝሟል። ድምፁ እስኪጠፋ አሳጥሪው።

ዝግጅትሽ ክረምት ላይ ነው የሚወድቀው። ውድድሩ በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በእኛ መስቀል በዋለ በሳምንቱ ገደማ ነውና ዋናው ልምምድሽ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ዝናብ ሲጥል አዲሱ የኮሪደር የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ያንሸራትታል፤ ዝናብ ባለበት ጠዋት የቁልቁለቱን ልምምድ ወደ ሌላ ቀን አዛውሪ፤ በዚያ ቀን ሜዳ ሩጪ። ፍልሰታን የምትጾሚ ከሆነ ከባዱን ሥራ ከጾሙ በፊትና በኋላ አድርጊው፤ በጾሙ ውስጥ የምትሠሪውን ረጅም ሩጫ ደግሞ ማታ ላይ ከመመገቢያ ሰዓትሽ ጋር አቀራርቢው። በሶ ጾምም ፍስክም ላይ የሚያገለግል ምግብ ነው፤ በማር የተበጠበጠ በሶ ከረጅም ሩጫ በኋላ የምመክረው የመጀመሪያው ነገር ነው። የመስቀል ሰሞን ደግሞ ጥሬ ሥጋው ይቅርብሽ፤ ለውድድር ቀናት ሲቀሩሽ በሆድ ሕመም መቀጣት አያስፈልግም።

የመጨረሻውን ጠንካራ የቁልቁለት ልምምድ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጨርሺ፤ ዕንቁጣጣሽ አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቸርችልን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁለት ዙር ውረጂ፤ እሱም እግርሽ እንዳይረሳ ነው።

ጉዞሽን በተመለከተ አንድ ጥሩ ዜና አለ። ውድድሩ የሚጀመረው በእነሱ ሰዓት ጠዋት 6:45 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያን ጊዜ ከቀኑ 9:45 ነው። ገና ስትደርሺ ማታ ቶሎ እንቅልፍ ይጥልሻል፣ ሌሊት ትነቂያለሽ። ለሌላ ውድድር ይህ ችግር ነበር፤ እዚህ ግን አውቶቡሶቹ ሯጮችን ወደ መነሻው የሚያጓጉዙት ገና ሌሊት ስለሆነ ይጠቅምሻል። አምስት ስድስት ቀን ቀድመሽ ድረሺ፤ እንቅልፍሽን ወደ እነሱ ሰዓት ለማስተካከል አትታገይ፤ ማታ በጊዜ ተኚ። ከቬጋስ ስትነሺ ግን ተጠንቀቂ፤ ቬጋስ ከሴንት ጆርጅ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ዋዜማውን እዚያው ሴንት ጆርጅ እደሪ፤ የማንቂያ ሰዓትሽንም እዚያ ከደረስሽ በኋላ ሙዪ።

መነሻው ላይ ጨለማና ብርድ ነው፤ አዘጋጆቹ ሯጮች የሚሞቁበት እሳት ያነዳሉ። የማትፈልጊውን አሮጌ ሹራብ ደርበሽ ሂጂና ሩጫው ሊጀመር ሲል አውልቂው። መድረሻው በረሃማ ከተማ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይሞቃል፤ ስለዚህ የምትሮጪበትን ልብስ ለመጨረሻው ሰዓት አስበሽ ምረጪ።

አሁን ፍጥነቱ። ምልክቶቹ በማይል ስለሚሆኑ እንዳያደናግሩሽ ሰዓትሽን በኪሎ ሜትር አድርጊና በየኪሎ ሜትሩ ንባቡን እይ፤ ለማመሳከር ያህል 5:20 በኪሎ ሜትር 8:35 በማይል ነው።

የመጀመሪያዎቹ 11 ኪሎ ሜትሮች ለስለስ ያለ ቁልቁለት ናቸው፤ ግማሽ ያህሉን በጨለማ ነው የምትሮጪው። ከ5:20 እስከ 5:25 ያዢ። ይህ ክፍል የውድድሩ ፈተና ነው፤ በጣም ቀላል ይሆንብሻል፤ ሰው በግራና በቀኝ እየጎረፈ ያልፍሻል። እለፉ በያቸው። 5:10 ካየሽ እርምጃሽን አሳጥሪ እንጂ በተረከዝሽ ፍሬን አትያዢ።

ከዚያ ቬዮ የሚባለው ዳገት ይመጣል፤ አንድ ማይል ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ጉልበት ማሳየት ይወዳል። ከስድስት ደቂቃ በላይ፣ እስከ 6:10 ድረስ ቢሆንብሽ ምንም አይደለም፤ እዚህ ትንፋሽሽን እመኚው፤ ዳገት ላይ አይዋሽም። ዳገቱ ካለቀ በኋላ መንገዱ ወዲያው አይወርድም፤ ከፍ ዝቅ እያለ ወደ ግማሹ ድረስ ይሄዳል። "ቁልቁለት ነው ብለውኝ" ብለው የሚበሳጩት እዚህ ነው። አንቺ አስቀድመሽ ስላወቅሽ 5:30 አካባቢ ሁኚ። ግማሹን ከ1:55 እስከ 1:57 ባለው ጊዜ ካለፍሽ ልክ ላይ ነሽ። ለ3:46 ይህ የዘገየ ይመስላል፤ ግን አብዛኛው ቁልቁለት ገና ከፊትሽ ነው።

ከ24ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ በቀይ ድንጋዮቹ አካባቢ መንገዱ በደንብ ይወርዳል። እዚያ ከመድረስሽ በፊት ጄል ውሰጂ፤ ቁልቁል እየሮጡ መዋጥ ያስቸግራል፤ ሆድም ይናወጣል። በጠቅላላው በሰዓት ከ40 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሻል፤ አንድ ጄል ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ስለሚይዝ በየ30 ደቂቃው አንድ ማለት ነው። ክረምቱን በሙሉ የለመድሽውን ዓይነት ከአዲስ አበባ ይዘሽ ሂጂ። ከ24 እስከ 34 ያለውን አሁን መልቀቅ ትችያለሽ፤ 5:05፣ 5:10። ጉልበት ጨምረሽ አትግፊ፤ ቸርችል ላይ እንደምታደርጊው እርምጃሽን አፍጥነሽ መንገዱ ይውሰድሽ። በመሃል አጭር ዳገት ብታገኚ ለጭንሽ ዕረፍት ነው፤ ጡንቻው የሚሠራበት መንገድ ስለሚቀየር ትንሽ ይተነፍሳል።

የመጨረሻዎቹን 8 ኪሎ ሜትሮች በ5:15 አካባቢ ከያዝሽ ውድድሩ 3:46 አካባቢ ያልቃል። ጭንሽ ጥሩ ከሆነ ከ38 በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ። ካልሆነ፣ የእግርሽ ድምፅ መሬቱን መምታት ከጀመረና ጉልበትሽ ሳታዢው መታጠፍ ካማረው፣ በኪሎ ሜትር 20 ሰከንድ ዘግዪና እርምጃሽን ግማሽ አድርጊው። አትቁሚ፤ ጭን ከቆመ በኋላ መልሶ ማስነሳት ከባድ ነው። የውኃ ጣቢያ ላይ በእርምጃ ማለፍ ግን ምንም ችግር የለውም።

"ታዋቂዎቹ በፍጥነት ይከፍቱ የለ?" እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ሲሳይ ለማን ጠቅሰው የሚከራከሩኝ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፤ በ2024 ቦስተን ላይ ብቻውን ወጥቶ ግማሹን በ1:00:19 አለፈ፤ አሸነፈም። ግን የጨረሰው በ2:06:17 ነው፤ ሁለተኛው አጋማሽ ከመጀመሪያው በ5 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ዘገየ። እሱ የሮጠው ለድል ነበር፤ በሰፊ ልዩነት ይመራ ስለነበር ያንን ዋጋ መክፈል ይችል ነበር። አንቺ የምትሮጪው ከሰዓት ጋር ነው፤ ሰዓት ደግሞ አይደክምም። ለአንቺ የሚቀርበው የአጸደ ባይሳ አሯሯጥ ነው፤ በ2016 እዚያው ቦስተን ላይ ወደ ኋላ ቀርታ ከቆየች በኋላ መጨረሻ ላይ ደርሳ አሸንፋለች። የቦስተን መንገድ ሴንት ጆርጅን የሚመስልበት ነገር አለ፤ መጀመሪያ ላይ በምቾት ያወርድሽና በተጎዳ ጭን ዳገት ያስወጣሻል።

ስለ ጫማ ብዙ አልልም፤ ቸርችልን የወረድሽበትን ጫማ አድርጊ። ጣቶችሽ ፊት ለፊት ካለው ጨርቅ ጋር እንዳይጋጩ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ቦታ ይኑር፤ የላይኛውን ቀዳዳ ተጠቅመሽ ተረከዝሽን አጥብቀሽ እሰሪ፤ ጥፍርሽን ደግሞ ከሳምንት በፊት ቁረጪ። ከውድድሩ በፊትም ሆነ በመሃሉ ኢቡፕሮፌንና መሰል መድኃኒት አትውሰጂ፤ ሰውነት ውኃ ባጠረው ጊዜ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ልትሰሚው የሚገባሽንም ሕመም ይደብቅብሻል። በልምምድ ወቅት ሁለቱም ጭንሽ እኩል ቢያምሽ የተለመደ ነው። አንድ ጉልበት ብቻ፣ በተለይ በውጪ በኩል ወይም ከሎሚው ሥር ነጥሎ ካመመሽ ግን ቁልቁለቱን አቁመሽ ባለሙያ እይ።

ሌላው፣ የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ለክብረ ወሰን የሚፈቅደው በኪሎ ሜትር 1 ሜትር፣ በማራቶን ደግሞ 42 ሜትር ያህል መውረድ ብቻ ነው። ጆፍሪ ሙታይ በ2011 ቦስተን ላይ የሮጠው 2:03:02 የዓለም ክብረ ወሰን ያልሆነው ቦስተን ከዚህ ስለሚወርድና መነሻና መድረሻው ስለሚራራቁ ነው። ሰዓትሽን ማስታወሻሽ ላይ ስትጽፊ "ቁልቁለት" ብለሽ ጎኑ ላይ ጻፊበት፤ ለሚቀጥለው ሜዳ ማራቶን ፍጥነት ስናወጣ ከእሱ እንዳንነሳ።

ከውድድሩ በኋላ ለሦስት ቀን ደረጃ መውረድ ይከብድሻል፤ የእጅ መያዣ ይዘሽ ጎን ለጎን ውረጂ። በረጅሙ በረራ ላይ በየሰዓቱ ተነስተሽ ተራመጂ፤ ውኃ ጠጪ። ለሁለት ሳምንት ቁልቁለት የሚባል ነገር አትንኪ፤ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሜዳ ላይ ቀለል ያለ ሩጫ ይበቃል። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ሲመጣ ከሰው ጋር እየተጫወትሽ ውጪው እንጂ በፍጥነት አትሩጪው። ስትመለሺ የየኪሎ ሜትሩን ሰዓት ላኪልኝ፤ በተለይ ከ24 እስከ 42 ያለውን። የቦስተኑን ዕቅድ ከዚያ ተነስተን እንሠራለን።